ቦርዱ አልገናኝ ሲል፦ የግርብል ፈርምዌር ማደስና የግንኙነት ችግር ፍለጋ ከሀ እስከ ፐ

ትንሽ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ማሽን) ወይም ሌዘር መቅረጫ ያለው ሰው ማሽኑ ከኮምፒውተሩ ጋር አልነጋገር ሲለው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ፈርምዌሩን፣ ማለትም በቦርዱ ቺፕ ውስጥ ተቀምጦ ማሽኑን የሚመራውን ፕሮግራም ነው። «ተበላሽቷል፣ እንደገና እንጫንበት» ይላል። የእኔ ምክር ተቃራኒው ነው፦ ፈርምዌር የመጨረሻው ተጠርጣሪ ይሁን። ገመዱ፣ ድራይቨሩ፣ ፖርቱ፣ የአርዝ ሽቦው፣ መቁረጫውን የሚያዞረው የስፒንድል ሞተር የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ረብሻ ሁሉም ከእሱ በፊት ይመረመራሉ። ደግሞም ፈርምዌር የሚጫነው በዚያው ገመድና በዚያው ፖርት ነው። መንገዱ ሳይስተካከል ማደስ የጀመረ ሰው አንዱን ችግር ሁለት ያደርገዋል።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ግርብል በተባለው ፈርምዌር ለሚሠሩ ቦርዶች ነው። ግርብልን እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረው ኖርዌያዊው ሲመን ስቫለ ስኮግስሩድ ነው፤ በኋላ ሶኒ ጄዮን ተረክቦ አሳደገው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ 3018 የሚባሉት የጠረጴዛ ሲኤንሲዎች፣ ብዙ ርካሽ የሌዘር መቅረጫዎች፣ በአርዱዪኖ ኡኖ ቦርድ ላይ የሲኤንሲ ሺልድ (ሞተሮቹ የሚሰኩበት ተደራቢ ቦርድ) ደርበን በእጃችን የምንሠራቸው ማሽኖች ሁሉ እሱን ይጠቀማሉ።

ከመጀመራችን በፊት ስለ አጻጻፍ አንድ ማሳሰቢያ፦ ትእዛዞቹን እዚህ በአማርኛ ፊደል ጽፌያቸዋለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ግን የምታስገቧቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። «$ኤክስ» ስል የዶላር ምልክትና ኤክስ የተባለው ፊደል ማለቴ ነው፤ በመካከላቸው ክፍተት የለም።

ቦርዳችሁን እወቁ

ቦርዱ ላይ ሁለት ዋና ዋና ቺፖች አሉ፤ የሁለቱን ሥራ መለየት ግማሹን ችግር ይፈታል። አንደኛው ግርብል የሚኖርበት አትሜጋ 328ፒ ነው። 32 ኪሎባይት የፕሮግራም ቦታ፣ 2 ኪሎባይት ራም፣ 1 ኪሎባይት ኢኢፕሮም አለው። የማሽኑ ሴቲንግ የሚቀመጠው በዚህ ኢኢፕሮም ውስጥ ስለሆነ መብራት ቢጠፋም አይጠፋም። ሁለተኛው ዩኤስቢውን ወደ ሲሪያል የሚተረጉም ቺፕ ነው፤ በአብዛኞቹ ርካሽ ቦርዶች ላይ ሲኤች 340 ይባላል፣ በኦርጅናሉ ኡኖ ላይ ደግሞ አትሜጋ 16ዩ2 ነው።

ኮምፒውተሩ በቀጥታ የሚያየው ሁለተኛውን ቺፕ ብቻ ነው። ስለዚህ የፖርት ቁጥር መጣ ማለት ግርብል ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ፖርቱ ጠፋ ማለትም ግርብል ተበላሸ ማለት አይደለም።

ዋናው ቺፕ ኢኤስፒ32 ወይም ኤስቲኤም32 ከሆነ ስለ ገመድ፣ ስለ ፖርትና ስለ ረብሻ የምለው ሁሉ ይሠራላችኋል፤ የአጫጫኑ ክፍል ግን አይመለከታችሁም። ለእነዚህ ቺፖች የተዘጋጀ ሌላ ፈርምዌር አለ፣ የሚጫንበትም መንገድ የተለየ ነው። የአትሜጋ ፋይል እነሱ ላይ አይሄድም።

ግንኙነቱን ከታች ወደ ላይ መፈተሽ

ቅደም ተከተሉን አታፋልሱ። የታችኛው ሳይረጋገጥ ወደ ላይኛው መሄድ ሰዓታት ይበላል።

ገመዱ። ኡኖና አብዛኞቹ የ3018 ቦርዶች የሚጠቀሙት የፕሪንተር ገመድ የምንለውን ነው። ፕሪንተር ያለበት ቦታ ካላችሁ በደንብ የሚያትመውን ገመድ ነቅላችሁ ሞክሩ። ናኖ የተባለው ትንሹ አርዱዪኖ ወይም ማይክሮ መሰኪያ ያለው ቦርድ ከሆነ ብዙዎቹ ገመዶች ቻርጅ ለማድረግ ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ በውስጣቸው የዳታ ሽቦ የለም። የቦርዱ መብራት ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አያይም። ገመዱን ያለ ሃብና ያለ ማራዘሚያ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት።

ፖርቱ። በዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቱና «ፖርትስ» የሚለውን ዘርዝሩ። ገመዱን ንቀሉ፤ ሰኩ። ስትነቅሉ የሚጠፋው፣ ስትሰኩ የሚመለሰው ኮም3 ወይም ኮም5 የእናንተ ቦርድ ነው። ቁጥሩን በግምት አትምረጡ፤ ኮም1 ብዙ ጊዜ የኮምፒውተሩ የራሱ ነው። ሲኤች 340 የራሱ መለያ ቁጥር ስለሌለው ዊንዶውስ የፖርት ቁጥሩን የሚሰጠው በተሰካበት ቀዳዳ ነው። ትናንት ኮም3 የነበረው ዛሬ ሌላ ቀዳዳ ላይ ቢሰካ ኮም7 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ቀዳዳ መርጣችሁ ሁልጊዜ እዚያው ሰኩ።

ድራይቨሩ። ስትሰኩ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ያለው መሣሪያ ከመጣ ወይም «ፖርትስ» ሥር ምንም ካልታየ የሲኤች 340 ድራይቨር ይጎድላል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ኢንተርኔት ካላቸው አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ያመጡታል። ኢንተርኔት በሌለበት ወርክሾፕ ከሆነ ቺፑን ከሚሠራው ኩባንያ ድረ ገጽ አስቀድማችሁ አውርዳችሁ በፍላሽ ያዙት። የማክ ተጠቃሚዎች ከሞሃቬ ስሪት ጀምሮ ድራይቨሩ አብሮ ስለሚመጣ ሌላ ደርበው መጫን የለባቸውም፤ ሁለቱ ሲጋጩ ችግር ይፈጥራሉ። የቦርዳችሁ ዩኤስቢ ቺፕ ፒኤል 2303 ከሆነና ዲቫይስ ማናጀር ከ2012 ጀምሮ ምርቱ እንደቆመ የሚናገር ጽሑፍ ካሳያችሁ፣ አዲሱ ድራይቨር አሮጌውን ቺፕ አልቀበልም እያለ ነው። በዚያው ዲቫይስ ማናጀር ገብታችሁ የቆየውን የድራይቨር ስሪት መምረጥ ነው።

ሊኑክስ ላይ ሁለት የታወቁ እንቅፋቶች አሉ። አንደኛው ፈቃድ ነው፤ ተጠቃሚው «ዲያልአውት» ከሚባለው ግሩፕ ውስጥ ካልገባ ፖርቱ እያለ አይከፈትም። ካስገባችሁት በኋላ ከሲስተሙ ወጥታችሁ እንደገና ግቡ፣ አለበለዚያ ለውጡ አይታይም። ሁለተኛው በኡቡንቱ 22.04 ላይ ብዙ ሰው ያስመረረው ነው፦ ለዓይነ ስውራን የብሬይል ማሳያ የተዘጋጀው «ቢአርኤልቲቲዋይ» የተባለው ፕሮግራም ሲኤች 340ን የራሱ መሣሪያ አድርጎ ይወስደዋል። ቦርዱ ሲሰካ ለቅጽበት ይታይና ወዲያው ይጠፋል። የብሬይል ማሳያ የማትጠቀሙ ከሆነ ፕሮግራሙን አስወግዱት፣ ቦርዱን ነቅላችሁ ሰኩ፤ በቃ።

ፖርቱን ሌላ ይዞታል ወይ? አንድን ሲሪያል ፖርት በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። የአርዱዪኖ ሲሪያል ሞኒተር ክፍት ሆኖ ካንድል ወይም ዩኒቨርሳል ጂ ኮድ ሴንደር የተባለው ለማሽኑ ትእዛዝ የሚልክ ፕሮግራም ቢከፈት «አክሰስ ዲናይድ» ይላል። ሁሉንም ዝጉና አንዱን ብቻ ክፈቱ። ከ3018 ማሽን ጋር የሚመጣው በእጅ የሚያዘው ኦፍላይን መቆጣጠሪያ ቦርዱ ላይ ከተሰካ እሱም ከዋናው ቺፕ ጋር የሚነጋገረው ዩኤስቢው በሚጠቀምበት በዚያው የሲሪያል መስመር ነው። ኮምፒውተሩ ፖርቱን ያያል፣ ይከፍታል፣ ግርብል ግን አይመልስም። መቆጣጠሪያውን ነቅላችሁ እንደገና ሞክሩ። ይህችን ባለማወቅ ስንት ደህና ቦርድ ተጥሏል።

ፍጥነቱና ሰላምታው። ከ0.9 ስሪት ጀምሮ ግርብል የሚነጋገረው በ115200 ቦድ (የግንኙነቱ ፍጥነት መለኪያ) ነው፤ 0.8 እና ከዚያ በፊት የነበሩት በ9600። ፖርቱን ስትከፍቱ ቦርዱ ራሱን ሪሴት ያደርግና ስሙንና ስሪቱን የያዘ አንድ የሰላምታ መስመር ይልካል፤ ለምሳሌ «ግርብል 1.1ኤች»። ይህ መስመር ከመጣ ገመዱም፣ ድራይቨሩም፣ ፖርቱም፣ ፈርምዌሩም ደህና ናቸው። በእሱ ፋንታ ትርጉም የሌለው የምልክት ዝብርቅ ከመጣ ቦድ ሬቱ ተሳስቷል። ምንም ካልመጣ በላኪው ፕሮግራም ኮንሶል (ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) የጥያቄ ምልክት «?» ላኩ፤ ጤነኛ ግርብል ወዲያውኑ ሁኔታውንና ቦታውን ይመልሳል።

ሰላምታው መጥቶ ትእዛዝ ስትልኩ «ኢረር:9» የሚል መልስ ካገኛችሁ ይህ የግንኙነት ችግር አይደለም። የሆሚንግ (ማሽኑ ጫፍ ላይ ያሉትን ሊሚት ስዊቾች ነክቶ መነሻ ቦታውን የሚያገኝበት) ሴቲንግ «$22» 1 ከሆነ ማሽኑ ሲነሳ ተቆልፎ ነው የሚነሳው። «$ኤች» ብላችሁ ወደ ቤቱ ላኩት፣ ወይም «$ኤክስ» ብላችሁ ቁልፉን ክፈቱለት።

የቦታው ቁጥር በስክሪኑ ላይ ይቀያየራል፣ ሞተሩ ግን ንቅንቅ አይልም? ኡኖው በዩኤስቢ ብቻ ነቅቶ የ12 ወይም የ24 ቮልቱ ኃይል ጠፍቶ ይሆናል። ግርብል ሞተሩ መዞሩን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ያዘዘውን ብቻ ይቆጥራል።

ዩኤስቢ ቺፑን ለብቻው መመርመር

ፖርቱ ይመጣል፣ መልስ ግን በጭራሽ የለም እንበል። የትኛው ቺፕ እንደታመመ ለማወቅ አንድ አጭር ሽቦ ወይም ሁለት ጃምፐር ይበቃል። በኡኖ ላይ እንዲህ ነው፦ ሺልዱን አንሱ። ሪሴት የሚለውን ፒን ከግራውንድ ጋር አገናኙ፤ በዚህ ዋናው ቺፕ ዝም ይላል። ፒን 0ን ከፒን 1 ጋር አገናኙ። የአርዱዪኖ ሲሪያል ሞኒተርን ከፍታችሁ ማንኛውንም ቃል ጽፋችሁ ላኩ። ያው ቃል ከተመለሰ ዩኤስቢ ቺፑ፣ ገመዱና ድራይቨሩ ሦስቱም ይሠራሉ፤ ችግሩ ዋናው ቺፕ ላይ ወይም ፈርምዌሩ ላይ ነው። ካልተመለሰ ፈርምዌር መጫን ምንም አይፈይድም። ወደ ፈርምዌር የምትሄዱት ይህን ካለፋችሁ ብቻ ነው።

ማደስ ያስፈልጋል ወይ?

1.1 ያለው ማሽን እየሠራ ከሆነ ተዉት። ለአትሜጋ 328ፒ የተለቀቀው 1.1ኤች የ2019 ነው፤ በየወሩ የሚወጣ አዲስ ነገር የለም። ማደስ የሚጠቅመው 0.8 ወይም 0.9 ላይ ላለ ሰው ነው፤ ለሌዘር የሚያስፈልገው «$32» የሌዘር ሞድ የመጣው በ1.1 ነው፣ እየሠራ እያለ ፍጥነት መቀየርም እንዲሁ። ሌላው ተገቢ ምክንያት በኮዱ ውስጥ ብቻ የሚቀየር ነገር ሲኖር ነው። ዜድ (ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው አክሲስ) የሌለው ባለ ሁለት አክሲስ ሌዘር ዋና ምሳሌ ነው። ኮዱ ካልተነካ ግርብል ሆሚንግ የሚጀምረው ከዜድ ነው፤ ዜድ ስዊች ከሌለ ፍለጋው አያልቅምና በአላርም ይቆማል። ይህን በሴቲንግ ማስተካከል አይቻልም። የኮንፊግ ፋይሉን ከፍታችሁ የመጀመሪያውን የሆሚንግ ዙር ከዜድ ወደ ኤክስና ዋይ ቀይራችሁ፣ ሁለተኛውን ዙር ሰርዛችሁ እንደገና መጫን ያስፈልጋል።

ሴቲንጉን ሳትመዘግቡ እጃችሁን አትዘርጉ

በማደስ ጊዜ የሚጠፋው ውድ ነገር ይህ ነው። ኮንሶሉ ላይ «$$» ብላችሁ ላኩ። ከ«$0» እስከ «$132» ያለው ዝርዝር ይወርዳል። ሁሉንም ቀድታችሁ በጽሑፍ ፋይል አስቀምጡ፤ በስልክ ፎቶም አንሱት። ቀጥሎ «$#» ላኩና የሥራ መነሻ ቦታዎቹን አስቀምጡ፤ «$አይ» ላኩና ስሪቱን መዝግቡ። የ«$አይ» መልስ ሁለተኛ መስመር ላይ 15 እና 128 የሚሉ ቁጥሮች ካያችሁ የተለመደው የአትሜጋ 328ፒ ግርብል ነው፤ 15ቱ በቅድሚያ የሚታቀዱ እንቅስቃሴዎች ብዛት፣ 128ቱ ደግሞ የመቀበያው ባፈር በባይት።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር በአንድ ምሳሌ ላሳይ። የ3018 ማሽን ብዙውን ጊዜ «$100» (ኤክስ አንድ ሚሊሜትር ለመሄድ የሚያስፈልገው የሞተር ደረጃ ብዛት) ላይ 800 አለው። ሞተሩ በአንድ ዙር 200 ደረጃ፣ ቦርዱ ላይ ያለው የሞተር ድራይቨር ቺፕ እያንዳንዱን በ16 ይከፍለዋል፣ ብሎኑ በአንድ ዙር 4 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ 200 ሲባዛ በ16 ሲካፈል ለ4፣ 800። ግርብል ሲጫን ግን ይዞት የሚመጣው 250 ነው። 100 ሚሊሜትር ያዘዛችሁት ማሽን 31.25 ብቻ ሄዶ ይቆማል። ሰው ይህን ሲያይ «አዲሱ ፈርምዌር አይሠራም» ብሎ ሌላ ይጭናል፣ ከዚያም ሌላ። የሚያስፈልገው የነበረው የተመዘገበችውን አንዲት ቁጥር መመለስ ብቻ ነው።

መጫን

መጀመሪያ የማሽኑን ዋና ኃይል አጥፉ። ቦርዱ በዩኤስቢ ብቻ ይሥራ። ቺፑ እየተጻፈበትና እየተነሳ ባለበት ቅጽበት ፒኖቹ በማንም ቁጥጥር ሥር አይደሉም፤ ሞተር ሊነጥር፣ ሌዘር ሊበራ ይችላል። የሌዘሩን ገመድ ከቦርዱ ላይ ንቀሉት። የዓይን ነገር ነውና በዚህ ላይ ቸልታ የለም።

ላፕቶፕ ተጠቀሙ፣ ባትሪውም የሞላ ይሁን፤ መብራት መሃል ላይ ቢሄድ ሥራው አይቋረጥም። ቢቋረጥም አትደንግጡ። በዩኤስቢ ስትጭኑ ሥራውን የሚመራው ቡትሎደር የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም በቺፑ ውስጥ የራሱ ክልል ስላለው አብሮ አይደመሰስም። ግማሽ ላይ የቆመውን እንደገና ከመጀመሪያው መጫን ነው።

ሁለት መንገድ አለ።

ቀላሉ መንገድ ለዊንዶውስ ነው። ሌዘር ግርብል የተባለው ነፃ ፕሮግራም ውስጥ በቱልስ ሜኑ ሥር ፈርምዌር የሚጭን መሣሪያ አብሮት ይመጣል። ግንኙነቱን አቋርጡ፣ መሣሪያውን ክፈቱ፣ የቦርዱን ዓይነት፣ የፈርምዌሩን ስሪት፣ ፖርቱንና ፍጥነቱን ምረጡ፣ ጀምሩ። ከአንድ ደቂቃ በታች ነው የሚወስደው። ለኡኖ የመጫኛው ፍጥነት 115200 ነው። ናኖ ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ አሮጌ ቡትሎደር ያለው በ57600 ብቻ ነው የሚቀበለው። በአንዱ እንቢ ካለ በሌላው ሞክሩ።

ሁለተኛው መንገድ በአርዱዪኖ አይዲኢ ነው፤ ኮዱን መቀየር ለሚፈልግ የግድ ነው። የግርብልን ዚፕ ፋይል ከጊትሃብ አውርዱና ፍቱት። ውስጡ ልክ «ግርብል» ተብሎ የተሰየመ ሌላ ፎልደር አለ። እንደ ላይብረሪ የሚገባው ይህ የውስጠኛው ፎልደር ብቻ ነው፤ የውጪውን ካስገባችሁ አይዲኢው ስህተት ያወጣል። ለውጥ የምታደርጉ ከሆነ የኮንፊግ ፋይሉን በላይብረሪው ፎልደር ውስጥ ገብታችሁ አስተካክሉ። ከዚያ ፋይል፣ ኤግዛምፕልስ፣ ግርብል፣ «ግርብል አፕሎድ» የሚለውን ክፈቱ። ይህችን ፋይል አትንኳት፤ ላይብረሪውን የምትጠራ ማስነሻ ብቻ ናት። ቦርዱንና ፖርቱን መርጣችሁ አፕሎድ በሉ። ከኡኖው 32256 ባይት ከ90 በመቶ በላይ እንደተያዘ የሚገልጽና ማስጠንቀቂያ የሚመስል መስመር ይመጣል። ግርብል ቺፑን ጢም አድርጎ የሚሞላ ፕሮግራም ስለሆነ የሚጠበቅ ነው።

መጫኑ እንቢ ሲል

«ኖት ኢን ሲንክ» ወይም ፕሮግራመሩ አይመልስም የሚል መልእክት ማለት ኮምፒውተሩ ቡትሎደሩን ጠርቶ መልስ አላገኘም ማለት ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦ ሌላ ፕሮግራም ፖርቱን ይዞ እንደሆነ፤ የተመረጠው ቦርድ ትክክል እንደሆነ፤ ናኖ ከሆነ አሮጌውን ቡትሎደር መምረጥ፤ ኦፍላይን መቆጣጠሪያው ወይም የብሉቱዝ ሞጁል ፒን 0 እና 1 ላይ ተሰክቶ እንደሆነ። ሁሉም ደህና ከሆኑ የሪሴት ቁልፉን ተጭናችሁ ያዙ፣ አፕሎድ በሉ፣ አይዲኢው ኮዱን አዘጋጅቶ መላክ ሊጀምር ሲል ልቀቁት። በዚህ የተሳካ ከሆነ ቡትሎደሩ ጤነኛ ነው፤ የተበላሸው ቦርዱን በራሱ ሪሴት የሚያደርገው ክፍል ነው።

ይህም እንቢ ካለና የዩኤስቢ ቺፑ ፈተናውን አልፎ ከነበረ ቡትሎደሩ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ቦርዱ አልሞተም። ሌላ ኡኖ አምጡና «አርዱዪኖ አይኤስፒ» የሚለውን ምሳሌ ጫኑበት። ከዚያ የዚህን ረዳት ኡኖ ፒን 11፣ 12 እና 13 በታመመው ቦርድ ስድስት ፒን መሰኪያ ላይ ካሉት ሞዚ፣ ሚሶና ኤስሲኬ ጋር በቅደም ተከተል አገናኙ፤ ፒን 10ን ከሪሴቱ፣ 5 ቮልቱን ከ5 ቮልት፣ ግራውንዱን ከግራውንድ። በረዳቱ ኡኖ ሪሴትና ግራውንድ መካከል የ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አስገቡ፣ ነጌቲቭ እግሩ ወደ ግራውንድ ይሁን። አይዲኢው ላይ ፕሮግራመሩን «አርዱዪኖ አዝ አይኤስፒ» አድርጋችሁ «በርን ቡትሎደር» በሉ። ሲያልቅ ሽቦዎቹን ንቀሉና በተለመደው መንገድ ግርብልን ጫኑ።

ከጫናችሁ በኋላ

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገናኙ «ኢረር:7» ሊመጣ ይችላል። አዲሱ ግርብል በኢኢፕሮሙ ውስጥ ያገኘውን የአሮጌ ስሪት ሴቲንግ ማንበብ ስላልቻለ ወደ መነሻው መልሶታል ማለት ነው፤ የሚያስፈራ ነገር የለውም። የመዘገባችሁትን ቁጥሮች አንድ በአንድ መልሱ። «$100=800» ብላችሁ ትልካላችሁ፣ «ኦኬ» ይላል፣ ወደሚቀጥለው ታልፋላችሁ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለጥፋችሁ አትላኩ፤ ግርብል ኢኢፕሮም ላይ ሲጽፍ የሚመጣበትን ፊደል ሊያመልጠው ይችላል። ከ0.8 የመጣችሁ ከሆነ ግን ቁጥሮቹ ቦታ ስለቀየሩ በቁጥር ሳይሆን በትርጉም አዛምዱ።

አሁን ዋናውን ኃይል አብሩና ሌዘሩ እንደተነቀለ፣ ስፒንድሉ እንደጠፋ እያንዳንዱን አክሲስ በትንሽ በትንሹ አንቀሳቅሱ። አቅጣጫው ከተገለበጠ የሚቀየረው «$3» ነው። ርቀቱን በካሊፐር ለኩ፤ 100 ታዞ 98 ከሄደ የድሮውን የደረጃ ቁጥር በ100 አባዙና ለ98 አካፍሉ።

ከ0.8 ወደ 1.1 ለተሻገሩ በሲኤንሲ ሺልድ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ከ0.9 ጀምሮ የስፒንድሉ ፍጥነት በፒን 11 ስለሚወጣ የዜድ ሊሚት ስዊች ወደ ፒን 12 ተዛውሯል። የአሮጌው ሺልድ ጽሑፍ ግን በቀድሞው አሰላለፍ ነው የታተመው። የዜድ ስዊቹን ስፒንድል ኢኔብል በሚለው፣ ሌዘሩን ወይም የስፒንድሉን ምልክት ደግሞ ዜድ በሚለው ላይ መሰካት አለባችሁ። ይህን ሳታደርጉ «$ኤች» ብትሉ ዜዱ ስዊቹን ሳያይ ጫፉ ድረስ ይነዳል።

ሥራ መሃል ላይ ሲቋረጥ

ዋናው ራስ ምታት ይህ ነው። እንጨቱ ግማሽ ተቀርጿል፣ ማሽኑ ቀጥ ይላል። ሰው ወዲያው ሁሉንም ነቅሎ እንደገና ይጀምራል፤ በዚያውም ማስረጃው ይጠፋል። ከመንካታችሁ በፊት ስክሪኑን ተመልከቱ። የሚታየው ነገር ጥፋቱ የት እንዳለ ይናገራል።

ኮንሶሉ ላይ በሥራው መሃል የግርብል ሰላምታ እንደገና ታይቷል? ዋናው ቺፕ ጠፍቶ ተነስቷል ማለት ነው። ምክንያቱ የ5 ቮልቱ መውረድ ወይም የሪሴት መስመሩ ላይ የገባ ረብሻ ነው። ስፒንድሉ ሲነሳ ብቻ የሚከሰት ከሆነ ፓወር ሰፕላዩ አቅም አጥሮታል፤ በመልቲሜትር 5 ቮልቱን እየለካችሁ ስፒንድሉን አስነሱና እዩ።

ፖርቱ ከዲቫይስ ማናጀር ጠፍቷል፣ ወይም ዊንዶውስ ፍላሽ ሲነቀል የሚያሰማውን ድምፅ አሰምቷል? የወደቀው ዩኤስቢው ነው፤ ግርብል ምናልባት ባፈሩ ውስጥ የቀረችውን ጨርሶ ቆሟል። ፖርቱ አለ፣ ሰላምታም አልመጣም፣ «?» ስትሉት ግን ይመልሳል? እንግዲያው ችግሩ የላኪው ፕሮግራም ወይም የኮምፒውተሩ ነው። እንቅልፍ የገባ ላፕቶፕ፣ በመሃል የተነሳ የዊንዶውስ አፕዴት ይሆናል። የኮምፒውተሩን ስሊፕ አጥፉ፤ በፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ዩኤስቢን ኃይል ለመቆጠብ የሚያጠፋውን ምርጫም ዝጉ።

ዩኤስቢው ከወደቀ አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ የኤሌክትሪክ ረብሻ ነው። የ3018 ስፒንድል በካርቦን ብሩሽ የሚዞር የዲሲ ሞተር ነው፤ ብሩሹ በዞረ ቁጥር ይፈነጥቃል፣ ፍንጣሪው በሽቦ ላይ ይጓዛል። መጀመሪያ ሥራውን ስፒንድሉ ጠፍቶ በአየር ላይ አስኬዱት። ሳይቋረጥ ከጨረሰ ጠላታችሁ ታውቋል። በሞተሩ ሁለት እግሮች መካከል የ100 ናኖፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር በይዱ፤ ከሞተሩ ገላ ላይ እንጂ ከቦርዱ በኩል አይሁን፣ ረብሻው ከምንጩ መዋጥ አለበትና። የዩኤስቢ ገመዱን ከአንድ ሜትር ተኩል ባልበለጠና ጥልፍ መከላከያ ባለው ቀይሩ፤ ሁለቱም ጫፍ ላይ ረብሻ የሚውጥ የፌራይት ቀለበት ቢኖር መልካም ነው። ገመዱ ከስፒንድልና ከሞተር ሽቦዎች ጋር አብሮ መታሰር የለበትም። መሻገር ካለበት ቀጥ ብሎ በመስቀል ይሻገር።

ቀጥሎ አርዙ ነው። በብዙ ወርክሾፖቻችን የግድግዳው ሶኬት ሦስተኛው ቀዳዳ ይኑር እንጂ ከኋላው የታሰረ የአርዝ ሽቦ የለም፤ ኤክስቴንሽኑም ሁለት ሽቦ ብቻ ያለው ሊሆን ይችላል። ላፕቶፑን ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ ብቻ አሠሩት። መቋረጡ ከቆመ ረብሻው የሚዞረው በቻርጀሩና በማሽኑ ፓወር ሰፕላይ መካከል ነው። ሁለቱንም አንድ ሶኬት ላይ ሰኩ፣ የማሽኑን የብረት ገላም ከአርዝ ጋር አገናኙ። አርዙ ራሱ መኖሩን ኤሌክትሪሻን ይለካላችሁ፤ ይህ ለዩኤስቢው ብቻ ሳይሆን ለሕይወታችሁም ነው።

መብራት ሄዶ ሲመለስ የተቋረጠ ሥራ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ስቴፐር ሞተር ያለበትን ቦታ አያስታውስም። ሊሚት ስዊች ካላችሁ «$ኤች» ብላችሁ ማሽኑን ወደ ቤቱ መልሱና የተቀመጠውን የሥራ መነሻ ተጠቀሙ። ስዊች ከሌለ ሥራ ስትጀምሩ መነሻውን በእንጨቱ ላይ በእርሳስ መስቀል ምልክት የማድረግ ልማድ ይኑራችሁ።

የሌለ ስዊች ሲነካ

«አላርም:1» ማለት ሥራ ላይ እያለ ሊሚት ስዊች ተነክቷል ማለት ነው። ማሽኑ መሃል ሜዳ ላይ ሆኖ ይህ ከመጣ ስዊቹን የነካው ብረት ሳይሆን ረብሻ ነው። ግርብል በቺፑ ውስጥ ያለውን ደካማ ፑልአፕ (ፒኑን ወደ 5 ቮልት የሚስብ ሪዚስተር) ስለሚጠቀም ረጅም የስዊች ሽቦ እንደ አንቴና ይሆናል። ማሽኑ ቆሞ ሳለ «?» ላኩና መልሱን አንብቡ፤ «ፒኤን» የሚል ክፍል ካለ ከኋላው ያሉት ፊደሎች በዚያ ቅጽበት የተነኩትን ፒኖች ይናገራሉ። ምንም ሳይነካ ሁልጊዜ የሚታይ ፊደል ካለ ስዊቹ በተገላቢጦሽ ተያይዟል፣ «$5»ን ቀይሩ። አንዳንዴ ብቻ ብቅ የሚል ከሆነ ረብሻ ነው።

መፍትሔው በሽቦው ላይ ነው። የስዊቹን ሁለት ሽቦዎች ጠምዝዛችሁ አብራችሁ አስኪዱ፣ ከሞተሮቹ ሽቦ አርቁ፣ ቦርዱ ጋ በፒኑና በግራውንዱ መካከል የ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ጨምሩ። ስዊቹን ሳይነካ ዝግ ሆኖ በሚቆይበት ሁኔታ ማያያዝና «$5=1» ማድረግም ይረዳል፤ ሽቦው ሲበጠስም ማሽኑ ራሱ ያሳውቃችኋል። «$26»ን ማሳደግ ግን ለዚህ አይጠቅምም፤ እሱ የሚያገለግለው ለሆሚንግ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ አላርሙ አሁንም ካስቸገረ «$21=0» አድርጋችሁ ሃርድ ሊሚቱን (ስዊች ሲነካ ማሽኑን የሚያቆመውን) አጥፉ፣ ሆሚንጉ ግን ይቆይ፤ «$20=1» አድርጋችሁ ሶፍት ሊሚቱን አብሩ፣ ከ«$130» እስከ «$132» ያሉትን የማሽኑን ትክክለኛ ርዝመቶች ሙሉ። ማሽኑ ከተነሳ በኋላ አንዴ «$ኤች» እስካላችሁት ድረስ ከወሰኑ የሚያስወጣውን ትእዛዝ ግርብል ራሱ ያቆመዋል።